የእማማ ካምሱክ ሩዝ

ሬሳውን ያገኘችው አንዲት ጎብኚ ናት። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ስታየው ዘው ብላ ገባች፤ በጭስ የጠቆረ የእንጨት ማድ ቤት አየችና ሦስት ፎቶ አነሳች። አራተኛውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ነው ከምድጃው ጀርባ የተዘረጋውን ባዶ እግር ያስተዋለችው። በኋላ ፎቶዎቹ ሲታዩ እግሩ በሦስቱም ላይ ነበር።

መርማሪ ፔትሳሞን ሲደርስ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የሜኮንግ ወንዝ ጉም ከሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ ጣሪያዎች ላይ ገና አልተነሣም። ሳጅን ማኒቫን በሩ ላይ ቆማ፣ ስልካቸውን ወደ ውስጥ የሚያሾልኩትን ሰዎች በእጇ ትመልሳለች።

«አንዱ መግቢያው ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ» አለችው።

«ምን አልሽው?»

«ዛሬ ዝግ ነው አልኩት።»

ፔትሳሞን አልሳቀም። ሟቿን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። እማማ ካምሱክ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በዚህ መንገድ ላይ ቤታቸውን ለሆቴል ሳይሸጡ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የእሱ እናት እንኳ ሸጣ ወንዙን ተሻግራለች። እሱ የተወለደበት ክፍል ዛሬ ቁጥር ሰባት ይባላል፤ ከነቁርሱ ይከራያል።

አሮጊቷ በጎናቸው ተጋድመዋል። ከጆሯቸው በላይ ያለው አጥንት ገብቷል፤ አጠገባቸው ባለው የድንጋይ ሙቀጫ ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ነጭ ፀጉር አለ። የሸሚዛቸው ትከሻ ተተርትሯል።

«ተይዘው ተገፍተዋል» አለ።

ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ውኃው አልቆ አርሯል። ሩዝ በእንፋሎት የሚበስልበት የቀርቀሃ ቅርጫት ግን ባዶውን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ጨርቅ ወይን ጠጅ ቀለም ነክቶታል። ማድ ቤቱ ጥግ ሁለት እንስራ አለ፤ በትልቁ ነጭ ሩዝ፣ በትንሹ ጥቁር። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባላቸው ጥቁር ሩዝ የሚበቅልበት የሰሜን ተራራ ሰው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ለመነኮሳቱ በሚያበስሉት ነጭ ሩዝ ላይ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ጥቁር ይጨምሩበታል። ሩዛቸው ስለዚህ ወይን ጠጅ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ እንደሱ ያለ የለም።

ምጽዋት የሚሰጡበት የቀርቀሃ ሙዳይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ፔትሳሞን አውርዶ ከፈተው። ንጹሕና ደረቅ ነው። መልሶ ሰቀለው።

ሐኪሙ ብዙ አልረዳም። «ሬሳው እሳት አጠገብ ነው ያደረው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ያሳስታል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ጧቱ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ሞተዋል። ከዚያ በላይ አታስለፍልፈኝ።»

ደጃፉ ላይ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ወድቋል፤ አምስት ጥንድ ቀጫጭን ሻማና አምስት ጥንድ አበባ። ማኒቫን በእርሳሷ ጫፍ ነካችው።

«የይቅርታ አበባ ነው» አለች። «አንድ ሰው አስቀይሟቸው ነበር ማለት ነው።»

*

ሰዓቱን ለማጥበብ ሁለት ነገር ተገኘ።

አንደኛው ፎቶ ነው። መነኮሳቱ ምጽዋት ሊቀበሉ በዚያ በር ያለፉት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ጎብኚ ባነሳው ፎቶ ላይ፣ በእማማ ካምሱክ በር ፊት ሽበታም ፀጉራቸውን የጠቀለሉ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ ሴት ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው ተንበርክከው ይታያሉ።

ሁለተኛው የገዳሙ አለቃ ናቸው። ፔትሳሞን ሲደርስ ግቢያቸውን ይጠርጉ ነበር። ከምጽዋቱ የተረፈው ሩዝ በሁለት ባልዲ በር ላይ ተቀምጧል።

«ይኼ የማን ነው፣ አባታችን?»

«ሩዝ ሻጯ ቪላይ ለአሳማዎቿ ትወስደዋለች።»

ወሬውን ነገራቸው። መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፉት።

«ዛሬ ጧት ምጽዋት ሰጥተዋል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሩዟ ሳህኔ ውስጥ ገብቷል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በልቼዋለሁ፣ ልጄ።»

ፔትሳሞን ጻፈው። ሌላ ጥያቄ አልመጣለትም።

«ከምጽዋት በኋላ መጥቼ አንድ ነገር እነግርዎታለሁ ብላኝ ነበር» አሉ መነኩሴው። «ጠበቅኳት። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ስለዚህ እማማ ካምሱክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ። የተገደሉት ከዚያ በኋላ፣ ጎብኚዋ ከመግባቷ በፊት ነው። ፔትሳሞን ይህን በደብተሩ ላይ አሰመረበት።

*

መጀመሪያ የጠረጠሩት ታንሳይን ነው፤ ቤቱን አሥር ጊዜ ለመግዛት ጠይቆ አሥር ጊዜ የተባረረውን የጎረቤት ሆቴል ባለቤት። በስልክ አገኙት።

«ትናንት ማታ ዋና ከተማ ሠርግ ላይ ነበርኩ» አለ። «አሁንም እዚያው ነኝ። ሦስት መቶ ሰው አይቶኛል፤ ዘፍኛለሁም። ከፈለግክ ቪዲዮ እልክልሃለሁ።»

ላከውም። ማኒቫን እስከ መጨረሻው አየችው። «ለዚህ ዘፈኑ ብቻ ሊታሰር ይገባዋል» አለች።

ቪላይን ያገኟት ከገበያው ጀርባ ባለው ቤቷ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በየጧቱ ዳር መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ሩዝ የሞላ ትንንሽ ሙዳይ ለጎብኚዎች ትሸጣለች፤ እነሱም ተንበርክከው ለመነኮሳቱ ያድላሉ። ግቢዋ ጸጥ ያለ ነው። አርባ የሚሆኑ ሙዳዮች ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፍተዋል፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ።

«የካምፋን ልጅ!» አለች ገና ስታየው። «እናትህ ደህና ናት? ወንዝ ተሻግራ ረሳችን እኮ።» ከዚያ ፊቷ ተቋጠረና በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ካምሱክን ማን እንዲህ ያደርጋታል? ምን አላት?»

«የት ነበርሽ፣ እትዬ ቪላይ?»

«የት እሆናለሁ? ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚህ ሩዝ ሳበስል። ከአሥራ አንድ ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ደግሞ ምንጣፌ ላይ። ፈረንጁ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከአሥራ አንድ ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሰው ያላያት ደቂቃ አልነበረም።

*

ከቀትር በኋላ የሆቴሉ ዘበኛ ተናገረ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አንድ ሰው ከእማማ ካምሱክ ግቢ እየሮጠ ሲወጣ አይቷል፤ አስጎብኚው ቡንሚ ነው።

የቡንሚ ነገር ቀድሞም ደስ አይልም ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ከጎብኚዎቹ አንዱ ለፎቶ ብሎ የአሮጊቷ ደረጃ ላይ ወጣ፤ እሳቸውም የሩዝ እጣቢ ደፉበት። ቡንሚ ሃያ ሰው ፊት «ምናለ ቢሞቱልን፣ ቦታው እንኳ ይሰፋልን ነበር» ብሏቸዋል።

«ግቢያቸው አልገባሁም» አለ መጀመሪያ።

«ዘበኛው አይቶሃል።»

ቡንሚ ጫማውን አየ። «እሺ፣ ገብቻለሁ። ጋሼ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የገባሁት። ሚስቴ ናት አበባውን ያዘጋጀችው፤ ካልሄድክ ቤት አትግባ አለችኝ። ጠራኋቸው፤ መልስ የለም። ማድ ቤት ሳይ... ወድቀዋል።»

«ከዚያስ?»

«ወጣሁ።»

«ሐኪም አልጠራህም? ፖሊስ አልጠራህም?»

«ትናንት ይሙቱ ብዬ ዛሬ ሞተው አገኘኋቸው ልበል? ማን ያምነኛል? ደግሞ...» ድምፁ ወረደ። «ሃያ ሰው ለቁርስ እየጠበቀኝ ነበር።»

ይህ አባባል መርማሪውን አበሳጨው። ፔትሳሞን ራሱ ካቴናውን አሰረለት፤ ከሚገባው በላይ ሳያጠብቀው አልቀረም።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ በጣም ደስ አላቸው። ወሩ ጎብኚ የሚጎርፍበት ነው። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል፤ ይዞት ይሂድ» አሉ። «እዚያ ከሄደ የእኛ ጣጣ አይደለም።»

እዚያ የሄደ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ፔትሳሞን ያውቃል። የቡንሚ ሚስት ከጣቢያው ደጅ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ሲያልፍ ብቻ «አበባውን እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለችው። «እኔ ባልልከው ኖሮ ቤቱ ነበር።»

*

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጎብኚዎቹ የሰጧቸውን ፎቶዎች ዘርግተው ተቀመጡ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የመነኮሳት ልብስ፣ የመነኮሳት ሳህን፣ ጉም፣ ፋኖስ፣ የጎብኚዎቹ የራሳቸው ፊት።

«የሰፈሩ ሰው አንድ እንኳ የለም» አለች ማኒቫን። «ይቺ የእማማ ካምሱክ ጀርባ ብቻ ናት።»

ፔትሳሞን ጀርባቸውን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ ከተንበረከኩት ሴት ቀሚስ ሥር ወደ ወጣው እግር።

«ካልሲ አድርገዋል።»

«በርዷቸው ይሆናላ።»

«ምጽዋት የሚሰጠው በባዶ እግር ነው። እማማ ካምሱክ? እሳቸው በካልሲ ከሚሰጡ እግራቸውን ቢቆርጡት ይመርጡ ነበር።»

ማኒቫን ለጎብኚዎች የአገር ልብስ የሚያከራይ አንድ ሆቴል ድረስ ሄዳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። «ከሴኡል የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው» አለች። «ባዶ ቦታ ሲያዩ ተንበረከኩ። የአገር ሰው መስለውን እንደነበር ስነግራቸው ደስታቸውን አልቻሉትም። ፎቶው ይላክልኝ ብለዋል።»

ታዲያ እማማ ካምሱክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ አልነበሩም። የደረቀው ሙዳይ ትዝ አለው። ታጥቦ የተሰቀለ መስሎት ነበር። በጉም ውስጥ በሁለት ሰዓት የሚደርቅ ቀርቀሃ የለም፤ ያን ጧት ማንም አልነካውም። ያረረው ድስትም አለ። ሩዛቸውን ራሳቸው ቢያወጡ ኖሮ ድስቱን እሳት ላይ አይተዉትም ነበር።

«ግን ሩዙ ሳህናቸው ውስጥ ገብቷል ብለዋል መነኩሴው» አለች ማኒቫን። «ይዋሻሉ እንዴ?»

«አይዋሹም» አለ ፔትሳሞን። «እኔ ነኝ አጠያየቁን ያላወቅኩበት።»

*

በማግስቱ መነኮሳቱ ከምጽዋት እስኪመለሱ ገዳሙ በር ላይ ጠበቀ።

«አባታችን፣ ትናንት ካምሱክን በዓይንዎ አይተዋቸዋል?»

«ምጽዋት ስንቀበል የሰጪውን ፊት አናይም። አንተ ይህ ጠፍቶህ ነው?»

አልጠፋውም። የጠፋው መጠየቁ ነው። ከሌላ አገር የመጣ መርማሪ ቢሆን ፊታቸውን አይተዋል ወይ ብሎ መጀመሪያ ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን የዚሁ መንገድ ልጅ ነው፤ የካምሱክ ሩዝ ከመጣ ካምሱክ መጥተዋል ማለት ነው፤ እናቱም እንዲህ ነበር የምትለው።

«ፊት ካላዩ ምን ያያሉ?»

«እጅ። ሩዝ።»

«የካምሱክን ሩዝ የሰጠዎት እጅ እንዴት ያለ ነበር?»

መነኩሴው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የከፈቱት ቀስ ብለው ነው።

«ብዙ እጅ ነበር» አሉ። «ነጭ እጅ። ቀለበት ያለው። ጥፍሩ የተቀባ። በልጅነታችን እንደምናውቀው በሦስት ጣት ቆንጠር የሚያደርግ እጅ አልነበረም። በጭብጥ ይጥሉታል። ገበያው ማዕዘን ላይ፣ ጎብኚዎቹ በሚንበረከኩበት። ወይን ጠጅ ሩዝ ነው፤ ካምሱክ አብዝታ አብስላ አድላለች ብዬ ገረመኝ። ደግሞ ሞቃት ነበር። እዚያ ቦታ የምቀበለው ሩዝ ቀዝቃዛ ነው ሁልጊዜ።»

ፔትሳሞን ዞር አለ። በር ላይ ባልዲዎቹ ተቀምጠዋል።

«አባታችን፣ የቪላይን አሳማዎች አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ መነኩሴው።

*

ቪላይ ሙዳዮቿን እየደረደረች ነበር። ከማኒቫን ጋር የገባው ፔትሳሞን ሳያስፈቅድ አንዱን አነሣና ክዳኑን ከፈተ። ሎሚው ብዙ ሠርቷል፤ ቢሆንም ቀርቀሃው እርስ በርሱ በተጠላለፈበት ስንጥቅ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ሰርጎ ቀርቷል። ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስተኛውን ከፈተ።

«የገዳሙ ትራፊ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «የካምሱክ ሩዝ አብሮ ይገባበታል። ለአሳማዎቼ...»

«ትራፊ የመቶ ሰው ሩዝ ቅልቅል ነው፣ እትዬ ቪላይ። ይኼ አንድ ዓይነት ነው። ሞቃትም ነበር። አሳማዎቹስ የት አሉ?»

ቪላይ ባዶውን ግቢዋን ዞር ብላ አየችው፤ ምናልባት አንድ አሳማ ብቅ ይል እንደሆን። ከዚያ ደረጃዋ ላይ ቁጭ አለች።

«አሳማ የለኝም» አለች።

«ትራፊውን መልሰሽ ነው የምትሸጪው።»

«ፈረንጅ አይበላው። እነሱ ይጥሉታል፣ መነኩሴው ይወስደዋል፣ ተርፎ ይመጣል። ማን ተጎዳ?» ጉልበቷን ታሻሸዋለች። «ባለፈው ሳምንት ሁለት መነኮሳት ሆዳቸውን አመማቸው። ያን ቀን ካምሱክ በምንጣፌ በኩል ስታልፍ አንዱን ሙዳይ ከፍታ አየችው። የራሷን ሩዝ አወቀችው። ለመነኮሳቱ የሰጠችውን በማግስቱ ሰው ሲገዛው አገኘችው። ለገዳሙ አለቃ እነግራለሁ አለች።»

«ልትለምኛት ሄድሽ።»

«አሥር ሰዓት ላይ። ሠላሳ ዓመት ነው የማውቃት! ልጇን ያዋለድኩላት እኔ ነኝ። ከመንገዱ ካባረሩኝ ምን እበላለሁ አልኳት። እሳቷን ማራገብ እንኳ አላቆመችም። ‹አንቺ ቪላይ፣ ለሞተው ባሌ የሰጠሁትን ለፈረንጅ መጫወቻ አደረግሽው› አለችኝ። ትከሻዋን ይዤ እዪኝ አልኳት። እዪኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።» እጇን አነሣች፤ ያን ትከሻ እንደያዘች ሁሉ። «ሙቀጫው እዚያ መኖሩን ረስቼዋለሁ።»

ማኒቫን ማስታወሻ መጻፏን አቁማለች።

«ሩዙን ለምን ወሰድሽው?» አለ ፔትሳሞን።

«እንፋሎቱ እየወጣ ነበር። ሊነጋ ነው፣ መነኮሳቱ ሊመጡ ነው፣ የእኔን ገና አላሞቅኩም። ለምጽዋት የተባለ ሩዝ እሳት ላይ ይረር? ለነፍሷ ይድረስላት አልኩ። ቢያንስ እሱ ይድረስላት።»

«ሸጥሽው እኮ።»

ቪላይ ቀና ብላ አየችው። ልታስተባብል የፈለገች መስላ ነበር።

«ሸጥኩት» አለች። «እጄ ለምዶታል።»

*

ቡንሚ ከመኪናው የወረደው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ፔትሳሞን ይቅርታ ጠየቀው። ቡንሚ የእጁን አንጓ እያሻሸ «እኔ አበባ ይዤ ነበር የሄድኩት» አለውና ሚስቱን ይዞ ሄደ።

በበነጋው ገና ጎሕ ሳይቀድ ፔትሳሞን ወንዙን ተሻገረ። እናቱ በነጩ ሩዝ ላይ ለካምሱክ አንድ እፍኝ ጥቁር ጨምራ አብስላ አገኛት። ነይ ቢላት እምቢ አለች። «እኔ ፎቶ አይደለሁም» አለችው። ሙዳዩን ብቻ ሰጠችው።

በእማማ ካምሱክ በር ፊት ጫማውን አውልቆ ተንበረከከ። ግራና ቀኙ ጎብኚ ነው። በገበያው ማዕዘን፣ የቪላይ ምንጣፍ በነበረበት ቦታ፣ ሌላ ሴት ሌላ ምንጣፍ ዘርግታለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ፎቶው ውስጥ ገብተው—»

ድምፁን አወቀው። ቀና ሲል ቡንሚ ከነቡድኑ ቆሟል። ለአፍታ ተያዩ። ቡንሚ እጁን አወረደ፤ ፈቀቅ በሉ ያለውን አልደገመም።

መነኮሳቱ መጡ። ፔትሳሞን ራሱን ደፋ። የገዳሙ አለቃ ባዶ እግሮች ፊቱ ደርሰው ቆሙ፤ የሳህኑ ክዳን ተነሣ። በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ጣለ። እግሮቹ ከሌላው ቦታ ይልቅ ዘግየት አሉ። ከዚያ አለፉ።

ከኋላው ካሜራዎች ይንጫጫሉ።

«ይኸውላችሁ» ሲል ሰማው ቡንሚን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ። «የሰፈሩ ነዋሪ ናቸው። በየቀኑ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»